የጋራ ዋጋ ማቅረቢያ፦ የፋብሪካው የመገናኛ ኬብል (የድሬዳዋ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበር ውይይት፤ አባላቱ የሚጠሩት በሰፈራቸው ስም ነው)

ሰብሳቢ፦ ሰነዱ ሐሙስ መግባት አለበት። ሥራው የታወቀ ነው፤ ኢንቨርተሮቹንና የኃይል ቆጣሪዎቹን በአርኤስ-485 መስመር (በሁለት ሽቦ መረጃ የሚያስተላልፍ) ከፒኤልሲው፣ ማለትም ከፋብሪካው መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት። ባለፈው እርስ በርስ ዋጋ ሰብረን ሁላችንም ባዶ እጃችንን ወጣን። አሁን አንድ ዋጋ ነው። ረቂቁን ለጥፌያለሁ፦ ሽቦዎቹ የተጠማዘዙ፣ ሺልድ (የብረት መከለያ) ያለው ኬብል፣ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ በሰንሰለት፣ ጫፍና ጫፉ ላይ የ120 ኦም ሬዚስተር። ርዝመቱን ማን ይለካል?

መልካ ጀብዱ፦ እኔ። ነገ ጠዋት ገብቼ እለካለሁ።

ከዚራ፦ የሁለቱን ሽቦዎች መለያ ረቂቁ ነጩን ኤ፣ ሰማያዊውን ቢ ይላል። ማን ወሰነ? እኛ ሰማያዊውን ነው ኤ የምናደርገው።

ሳቢያን፦ አቦ፣ ቀለም ምን ያደርግልሃል? ሽቦ ሽቦ ነው።

ከዚራ፦ ለአንተ ነዋ። መስመር ሲጠፋ የሚጠሩት እኔን ነው። አንዱ ፓነል ላይ ነጩ ከላይ፣ ቀጥሎ ያለው ላይ ሰማያዊው ከላይ። ካቻቢቴ ይዤ አንድ በአንድ ስገለብጥ እውላለሁ። ለዚያ ማንም አይከፍለኝም።

ገንዘብ ያዥ፦ አምራቾቹ ራሳቸው አልተስማሙም እኮ። አንዱ ኤ ያለውን ሌላው ቢ ይለዋል። ፕላስና ማይነስ ብላችሁ ጻፉ።

ከዚራ፦ እሺ፣ ፕላሱ የትኛው ቀለም ነው?

ሳቢያን፦ ወላሂ ይሄ ሰውዬ! የሺልዱ አስተሳሰር ረቂቁ ላይ የለም፣ እሱ ስለ ቀለም ያወራል። ሺልዱ በአንድ ጫፍ ብቻ ኧርዝ ይታሰር። በሁለቱም ከታሰረ በፓነሎቹ መካከል ባለው የኧርዝ ልዩነት ጅረት ይሄድበታል። ከሞተር ኬብል ጋርም በአንድ ትሬይ (የኬብል መደርደሪያ) አይሂድ።

ከዚራ፦ ሺልዱን ማን ተቃወመ? አንተ የሠራኸውን ነው ሳስተካክል የከረምኩት።

ሳቢያን፦ የትኛውን? ፓነሉን ጥራ! ስሜን በዋዛ አታንሳ።

ሰብሳቢ፦ በቃ። ሁለታችሁም ተረጋጉ። መልካ ጀብዱ፣ ዛሬ ጠዋት እለካለሁ ያልከው የት ደረሰ?

ገንዘብ ያዥ፦ የመልካ ጀብዱ ስልክ ዝግ ነው። ሜትሩን ሳላውቅ ምን ዋጋ ላስገባ? ወደ ፓምፕ ቤቱ የሚሄደውንም አትርሱ። ቦይ ውስጥ ዝም ብሎ የሚጣል ኬብል አልቀበልም። የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ ያየ ሰው ይገባዋል። በቱቦ ይሁን፣ ከቦዩ ወለልም ከፍ ይበል።

ሳቢያን፦ ልክ ነው። ከጣሪያ በላይ የሚያልፈውም ፀሐይ የሚችል ሽፋን ይኑረው። የድሬ ፀሐይ ተራውን ሽፋን ይሰነጣጥቀዋል። ከዚራ፣ ነጩ ፕላስ ይሁን። ግን ጫፉ ላይ ቁጥር ይለጠፍ።

ከዚራ፦ ቁጥር ካለው እስማማለሁ። ያለው አሮጌ መስመርስ? እሱም ካልተለጠፈበት ትርፉ ድካም ነው። መብራት አጥፍተን በሁለቱ ሽቦዎች መካከል በቴስተር እንለካ። ወደ 60 ኦም ካነበበ የሁለቱም ጫፍ ሬዚስተር አለ። 120 ካለ አንዱ ጎድሏል። 40 ካለ ደግሞ አንድ ሰው መሃል ላይ ሦስተኛ ጨምሯል።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄን ያለ ሜትር ዋጋ ልተምንለት እችላለሁ። በፓነል ነው የሚቆጠረው። የፓነሉ ዝርዝር ደግሞ እጃችን ላይ አለ።

ሳቢያን፦ እና አዲሱ ኬብል ቀረ? የመጣነው ለእሱ አይደል?

ሰብሳቢ፦ አልቀረም፣ ሁለተኛ ምዕራፍ ይሁን። ሐሙስ የምናስገባው የአሮጌውን መስመር ፍተሻና የቁጥር መለጠፍ ዋጋ ነው። ከዚራ የቀለሙን ገጽ ይጻፍ፣ ሳቢያን የሺልዱን።

ከዚራ፦ እጽፋለሁ። የቁጥር ማተሚያው ግን ከማኅበሩ ይገዛ።

ገንዘብ ያዥ፦ ከየትኛው ብር? መዋጮ ያልከፈላችሁ ዛሬ ማታ አስገቡ፣ ነገ ፕሮፎርማ እሰበስባለሁ።