ተማሪዎች የኮምፒውተር ክፍሉን ማጣሪያ እያለፉት ተቸግሬአለሁ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነኝ። ለልጆች የማይገቡ ገጾችን ለመዝጋት ራውተሩ ላይ የክላውድፍሌርን የቤተሰብ ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉም፣ የማይገቡትን ደግሞ የሚያግድ አገልግሎት)፣ ማለትም 1.1.1.3ን አስገብቻለሁ።

ለጥቂት ጊዜ ሰላም ሆነ። አሁን ግን አንዳንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች (ይህን ብልሃት ለሒሳብ ባዋሉት!) የክሮምን ቅንብር ከፍተው «ደህንነቱ የተጠበቀ ዲኤንኤስ» በሚለው ቦታ ሌላ አገልግሎት ይመርጣሉ። የገጹን አድራሻ የሚጠይቀው የዲኤንኤስ ጥያቄ ተመስጥሮ፣ ድረ ገጾች በሚከፈቱበት በፖርት 443 ስለሚወጣ ራውተሩ ከተራ የድረ ገጽ ጉብኝት አይለየውም። ያልተመሰጠረው ዲኤንኤስ የሚያልፍበትን ፖርት 53ን መዝጋቴም አልረዳኝም።

የክሮምን ቅንብር በዊንዶውስ ሬጅስትሪ (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን በሚያስቀምጥበት መዝገብ) መቆለፍ እንደሚቻል አውቃለሁ፤ እሱን ዛሬውኑ እሠራዋለሁ። የቸገረኝ ሌላው ነው። የክሮም ቁልፍ የማይመለከተውን ሌላ ማሰሻ፣ መጫን የማያስፈልገውን ፋየርፎክስ፣ በፍላሽ ይዘው ይመጣሉ። ፍላሽ ጨርሶ እንዳልከለክል ደግሞ የቤት ሥራቸውን የሚያመጡት በእሱ ነው። ርዕሰ መምህሩ «ኢንተርኔቱን ቁረጠውና እንገላገል» እያሉኝ ነው፤ እኔ ግን አልስማማም፤ ብዙዎቹ ልጆች ኢንተርኔት የሚያገኙት እዚህ ብቻ ነውና።

ከፍላሽ ላይ ፋይል እንዲከፈት፣ ፕሮግራም ግን እንዳይነሣ ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው? ኮምፒውተሮቹ ዊንዶውስ 10 ፕሮ ናቸው፤ ሰርቨር የለንም፤ ለሶፍትዌር መግዣም በጀት የለም። ይህን በራሱ ትምህርት ቤት የሠራ ሰው ካለ ደረጃ በደረጃ ቢያስረዳኝ ውለታው አይረሳኝም።