ለ5 ሳምንት ሕፃን የማያስጨንቅ የቀን ሥርዓት እንዴት ይያዛል?

ጥያቄ (የመጀመሪያ ልጇን የወለደች፣ ጎንደር ማራኪ ሰፈር)

ሰላም እህቶቼ። ሴት ልጅ ወልጄ አሁን 5 ሳምንቷ ነው። ጡት ብቻ ነው የምትጠባው፤ ክብደቷም በደንብ እየጨመረ ነው ብለውኛል። የቸገረኝ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ሌሊት መንቃቷ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ ምክንያቱ ሳይገባኝ ማልቀሷ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ «በየ3 ሰዓቱ ብቻ አጥቢያት፣ አለዚያ አመል ይሆንባታል» ትለኛለች። አማቴ ደግሞ «ሕፃን ምን ሰዓት ያውቃል፣ ስትፈልግ ስጫት» ይላሉ። እኔ ጥብቅ ሰዓት አልፈልግም፤ ቀኑ መልክ ቢይዝልኝ ግን ደስ ይለኛል። አራስ ጠያቂው አላባራም፤ ውኃ በፈረቃ ስለሆነ በመጣች ቀን ደግሞ ቤቱ ይተረማመሳል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (የሦስት ልጆች እናት፣ አዘዞ)

እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ! አማትሽ እውነታቸውን ነው። ሰዓቱን ተይውና ቅደም ተከተሉን ያዢ። ስትነቃ ጡት ስጫት፤ እስክታገሳ ትከሻሽ ላይ አድርገሽ ጀርባዋን መታ መታ አድርጊላት፤ ዳይፐሯን ቀይሪ፤ ትንሽ አጫውቻት፤ ከዚያ አስተኛት። በዚህ ዕድሜ አንድ ሰዓት ያህል ከነቃች ይበቃታል። ስታዛጋ፣ ፊቷን ስታዞር፣ ዓይኗ ሲፈዝ ያኔውኑ አስተኛት። ያን ካሳለፍሽው በኋላ ድካሙ ወደ ለቅሶ ይለወጣል፣ ማስተኛቱም ይከብዳል።

ቀንና ሌሊቱን የሚለይላት ብርሃን ነው። ጠዋት መጋረጃውን ክፈቺ። ቀን ስትተኛ ቤቱን አታጨልሚ፤ ቡናው ይወቀጥ፣ ሰውም ያውራ። ሌሊት ግን በደብዛዛ መብራት፣ ሳታወሪ፣ ሳታጫውቺ አጥብተሽ መልሰሽ አስተኛት፤ ካካ ካላለች ዳይፐርም ለመቀየር አትቸኩዪ። ሁለት ሦስት ወር ሲሞላት ራሷ እየለየችው ትመጣለች። የማታው ነገር ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፦ ለብ ባለ ውኃ በጨርቅ አበስ፣ ቅባት፣ የማታ ልብስ፣ ጡት፣ እሹሩሩ። ገላ ለማጠብ ውኃ የምትመጣበትን ቀን ጠብቂ፤ በየቀኑ መታጠብ አያስፈልጋትም።

መልስ (አዋላጅ ነርስ)

እንኳን ደስ አለሽ። በዚህ ዕድሜ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። በየ3 ሰዓቱ ማለት 8 ብቻ ነው፣ ዝቅተኛው ቁጥር። ወተት የሚመረተው በጠባችው ልክ ስለሆነ በሰዓት ከገደብሻት ወተትሽ ሊቀንስ ይችላል። ማታ ማታ አከታትላ መጥባቷም የተለመደ ነው፤ ወተትሽ አነሰ ማለት አይደለም። በቀን 6 እና ከዚያ በላይ ዳይፐር ካረጠበችና ክብደቷ ከጨመረ ጠግባለች።

የምሽቱ ለቅሶ 6ኛው ሳምንት አካባቢ ይብስና 3ና 4 ወር ሲሆናት ይቀልላል። በዚህ መሀል «ሆዷን ነፍቷት ነው» ብሎ ውኃ፣ ቅቤ ወይም የጤና አዳም ውኃ የሚያቀርብ ሰው አይጠፋም፤ እስከ 6 ወር ከጡት ውጪ ምንም አያስፈልጋትም። እንጥሏን አስቆርጫት የሚልሽንም እባክሽ አትስሚ፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል።

በጎንደር የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንሽ፦ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አታንድዱ፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ልብስ ደርቡላት እንጂ ጋቢውን ፊቷ ላይ አታድርጉ። ሁልጊዜ በጀርባዋ ተኝታ፣ ትራስ ሳይኖር። ሙቀቷ 38 ከደረሰ፣ ጡት እምቢ ካለች፣ ትንፋሿ ከፈጠነ ወይም ከዛለች ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ውሰዷት። የ6 ሳምንት ክትባቷም ደርሷል፤ ከክትባቱ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ሥርዓቱ ቢዛባ አትጨነቂ።

መልስ (የመንታ እናት፣ ቀበሌ 18)

እህትሽም ጨርሶ አልተሳሳተችም። ለእኔ ሰዓት ባይኖር ኖሮ መተኛት አልነበረም፤ አንዱ ሲነቃ ሌላውንም ቀስቅሼ አብሬ አጠባ ነበር። ለአንድ ልጅ ግን የአዘዞዋ እህት ምክር ይበልጣል።

መልስ (አባት፣ ፒያሳ)

ባልሽን አሳትፊው። እኛ ቤት ሌሊት እሷ ታጠባለች፤ ማስገሳቱ፣ ዳይፐሩና መልሶ ማስተኛቱ የእኔ ነው። ማታ ስታለቅስ ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ፣ አንገቷን ደግፌ ግቢ ውስጥ እዞራለሁ፤ ብዙ ጊዜ ትረጋጋለች። ለጠያቂም «ከ9 እስከ 11 ሰዓት ኑልን» ብለን በትሕትና አስታወቅን፣ ማንም አልተቀየመም።

ጠያቂዋ

ሁላችሁም ኑሩልኝ። ከዛሬ ማታ ጀምሬ የማታውን እይዛለሁ፤ ባሌም ሰምቶ ተስማምቷል። ወደ ሥራ ስመለስስ? የግል ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው።

መልስ (አዋላጅ ነርስ)

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ አለሽ፤ ስለዚህ ጊዜ አለሽ። ልትመለሺ ሁለት ሳምንት ሲቀርሽ እጅሽን ታጥበሽ ማለብ ተለማመጂ። የታለበው ወተት ሙቀት በሌለበት ቦታ እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ከጠፋ ግን አትተማመኚበት። በጡጦ ፈንታ በንጹሕ ትንሽ ስኒ ማጠጣት ይቻላል። ለምትይዝልሽ ሰው ያንኑ ቅደም ተከተል አሳያት፤ ከመመለስሽ በፊት አንድ ሁለት ግማሽ ቀን እሷ ብቻዋን ትሞክረው።