የኪራይ ሐሳባችን ላይ «ማመቻመች» የሚለው ቃል ይቆይ ወይስ ይውጣ?

ጸሐፊዋ፦ ለሕንፃው ባለቤት የምናስገባውን ረቂቅ ትናንት ልኬላችኋለሁ። ሦስተኛው አንቀጽ «ማኅበሩ በጭማሪው ላይ ለማመቻመች ዝግጁ ነው» ይላል። አስተያየት እስከ ዓርብ።

ጨርቅ ሱቅ፦ እጅሽ ይባረክ። ያቺን ቃል ግን አውጪልኝ። «አቋሙን አመቻመቸ» ሲባል ሰውየው ተሸጠ ማለት እኮ ነው። ገና ሳንደራደር ራሳችንን እናሳጣ?

ሂሳብ ያዥ፦ «ሰጥቶ መቀበል» ይሁና። በዜና የለመድነው ነው።

ጋሼ (ጫማ ሱቅ)፦ እሱም አልጣመኝም። «ሰጥቶ» ይቀድማል። እኛ ሰጠን እንበል፣ መቀበሉ መቼ ነው? እኔ በሽምግልና የማውቀው «አንተም ተው፣ አንተም ተው» ነው። ሁለቱም ይተዋሉ። «ለሽማግሌ ስል ትቻለሁ» ያለን ሰው ደግሞ ማንም እጅ ሰጠ አይለውም። እንዲያውም ይመሰገናል።

ጸሐፊዋ፦ «ማኅበሩ ለቀቅ ያደርጋል» ብልስ?

ጨርቅ ሱቅ፦ ሱቁን ሊለቁ ነው ብለው ደስ እንዳይላቸው! ይልቅ የኪራይ አዋጁን ብንጠቅስስ?

ሂሳብ ያዥ፦ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ነው፤ ለሱቅ አይሠራም። የሚጠጋን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ቁጥር 3307 ላይ፣ ሁለቱም ወገኖች በየበኩላቸው የሆነ ነገር ትተው ክርክር የሚጨርሱበት ውል አለ። ጋሼ ያሉት መሆኑ ነው።

ቡና ሱቅ፦ ቃል ከምንመርጥ የምንተወውን እንጻፍ። ደንበኛ «ትንሽ ቀንሺ» ሲለኝ «ሁለት ኪሎ ከወሰድክ» እለዋለሁ። ዝም ብዬ ቀንሼ አላውቅም። አንዴ ዝም ብለሽ ከቀነስሽ ነገም ከዚያው ዋጋ ነው የሚጀምረው። እኛም ቅድመ ክፍያ እንስጥ፣ እሳቸው ጭማሪውን ያቁሙ። ጄኔሬተሩንም ያሠሩ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ወፍጮዬ ቆሞ ነው የምውል።

ጸሐፊዋ፦ እንግዲህ ስሙኝ። «ባለቤቱ ጭማሪውን ለሁለት ዓመት ካቆሙልን፣ ጄኔሬተሩንም ካሠሩልን፣ ማኅበሩ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ይከፍላል።»

ጋሼ፦ አሁን ገባኝ። «ካቆሙልን» አለች። ማመቻመችም፣ ሰጥቶ መቀበልም ሳትጠራ ጨረሰችው።

ጨርቅ ሱቅ፦ ስድስት ወር ግን ከበደኝ። ሦስት በሉት።

ቡና ሱቅ፦ በሦስት ወር ማን ጭማሪ ያቆማል?

ጋሼ፦ አንተም ተው፣ አንቺም ተይ። አራት።

ጨርቅ ሱቅ፦ ለጋሼ ስል ትቻለሁ።