ለማስተርስ ማመልከቻ የእንግሊዝኛ ፈተና፦ ጎንደር ላለ ሰው የትኛው ይሻላል?

ማራኪ 17

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። በጤና ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ፤ አሁን ለማስተርስ ውጭ ሦስት ቦታ ላመለክት ነው። ሁለቱ አውሮፓ ናቸው፣ አይኤልትስ 6.5 ይላሉ። አንዱ አሜሪካ ነው፣ ቶፍል 90 ወይም ዱኦሊንጎ 120 ይላል። የአሜሪካው ኅዳር 22 (ዲሴምበር 1)፣ የአውሮፓዎቹ ጥር 7 (ጃንዋሪ 15) ይዘጋሉ። እጄ ላይ ያለው ጊዜ ስምንት ሳምንት ገደማ ነው።

የተማርነው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሬጅስትራር ደብዳቤ ብቻ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው? ካልበቃ፣ ጎንደር ላለ ሰው ከሦስቱ ፈተናዎች የትኛው ይሻላል? ደግሞስ ብዙ ሰው የሚወድቀው ምኑ ላይ ነው? ጊዜዬን እዚያ ላይ እንዳውል።

አንገረብ

እህቴ፣ ፈተና ከመምረጥሽ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ። "6.5 ይላሉ" ያልሽው የመስፈርቱ ግማሽ ሊሆን ይችላል። ገጹን እስከ ታች አንብቢው፤ ብዙ ጊዜ ከጠቅላላ ነጥቡ ቀጥሎ "በየትኛውም ክፍል ከ6.0 ያላነሰ" የሚል ሐረግ ይከተላል። ሰውን የሚጥለው እሱ ነው።

ስሌቱን እዪው። ሊስኒንግ (ማዳመጥ) 6.5፣ ሪዲንግ (ማንበብ) 6.5፣ ስፒኪንግ (መናገር) 6.5፣ ራይቲንግ (መጻፍ) 5.5 ብታመጪ ድምሩ 25 ነው። ለአራት ሲካፈል 6.25 ይሆናል። አይኤልትስ .25 ሲደርስ ወደ ቀጣዩ ግማሽ፣ .75 ሲደርስ ወደ ቀጣዩ ሙሉ ቁጥር ያሳድጋል። ስለዚህ ወረቀትሽ ላይ 6.5 ይጻፋል፤ አንቺም ደስ ይልሻል። ዩኒቨርሲቲው ግን ራይቲንጉን አይቶ ይመልስሻል።

ሌላው፣ መስፈርቱን የሚያወጣው አንድ ቢሮ ብቻ አይደለም። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ የራሱ ዝቅተኛ ነጥብ አለው፤ ዲፓርትመንቱ ከዚያ ከፍ አድርጎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ስኮላርሺፕ ካለ የራሱን ይጨምራል፤ ቪዛውም እንደ አገሩ ሌላ ሊኖረው ይችላል። አራቱንም ጽፈሽ ከፍተኛውን የራስሽ ዒላማ አድርጊው።

ስለ ደብዳቤው፦ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሬጅስትራሩ የሚጽፈው እውነት ነው። የሚቀበሉት ግን ሁሉም አይደሉም። በአውሮፓ የሚቀበሉ ፕሮግራሞች ጥቂት አይደሉም። በአሜሪካ ብዙዎቹ ነፃ የሚያደርጉት እንግሊዝኛ የሥራ ቋንቋ ከሆነባቸው አገሮች የተመረቀን ሰው ነው፤ እነዚህን አገሮች በስም የሚዘረዝሩ አሉ፣ ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለች ደብዳቤው አይረዳሽም። ስለዚህ ለሦስቱም የቅበላ ቢሮዎች ዛሬውኑ አንድ አንድ ኢሜይል ላኪ። "ደብዳቤ ትቀበላላችሁ?" ብቻ ብለሽ አትጠይቂ፤ "ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የተገኘ፣ ሙሉ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ የሬጅስትራር ደብዳቤ በፈተናው ምትክ ይሠራል ወይ?" በይ። መልሱን በጽሑፍ ያዢ።

ደብዳቤውን ስታስጽፊ በዩኒቨርሲቲው ራስጌ ባለው ወረቀት ላይ፣ በእንግሊዝኛ፣ ስምሽ በፓስፖርትሽ እንዳለው ሆኖ፣ የዲግሪሽ ስም፣ የገባሽበትና የተመረቅሽበት ዓመት፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት፣ ፊርማና ማኅተም ይኑርበት። ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አይተሽ ተቀበዪ። ትራንስክሪፕትሽ ላይ አንድ ዓመት፣ ደብዳቤው ላይ ሌላ ዓመት ከተጻፈ ጥያቄ ያስነሳል።

ቀሃ

አንገረብ መሠረቱን ጥሎታል፤ ወደ ምርጫው ልግባ።

አይኤልትስ አካዳሚክ ለሦስቱም ቦታ ሊሠራ የሚችል ነው፤ የአሜሪካው ገጽ ላይም መኖሩን አረጋግጪ። ችግሩ አዲስ አበባ መሄድ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ፦ ስፒኪንጉ ከሌሎቹ ሦስት ክፍሎች ጋር በአንድ ቀን ላይሆን ይችላል፤ እስከ ሳምንት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ሊያዝ ይችላል። የሁለቱም ቀን ሳይረጋገጥ ከአዘዞ የአውሮፕላን ቲኬት አትቁረጪ። የምትሄጂውም ቢያንስ ከፈተናው በፊት ባለው ቀን ይሁን። ጠዋት በሚነሳ በረራ ከሰዓት ለመፈተን ማሰብ ደግ አይደለም፤ በረራው አንድ ሰዓት ቢዘገይ የከፈልሽው ሁሉ ይቃጠላል።

ዱኦሊንጎ ቤት የሚሠራ፣ አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ፣ ውጤቱም በሁለት ቀን የሚደርስ ነው። ነጥቡ ከ10 እስከ 160 ነው። ዋጋውም ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ነው። ግን የአውሮፓዎቹ የማይቀበሉት ከሆነ ለአሜሪካው ብቻ ነው የሚሆንሽ።

ጎንደር ላይ ቤት ውስጥ ለመፈተን የሚያስፈልገውን ላስቀምጥ። ባትሪው ጤነኛ የሆነ፣ ሙሉ የተሞላ ላፕቶፕ ይኑርሽ፤ ዴስክቶፕ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ የዋይፋይ ሳጥኑም ስለሚጠፋ፣ ከመጀመሪያው በስልክ ዳታ መሥራት ይሻላል፤ በምትፈተኚበት ሰዓትና በምትፈተኚበት ክፍል ውስጥ ሦስት ቀን ያህል ፍጥነቱን ለኪ። ማውረጃው 2 ሜጋቢት፣ መጫኛው 1 ሜጋቢት በሰከንድ ካልሞላ አትጀምሪ። መሥመሩ ከተቆረጠ ፈተናው ይቋረጣል። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አይኑር፤ ጆሮሽ ይታይ፣ ስለዚህ ነጠላም ሆነ ሻርፕ ጆሮ ላይ አይውደቅ፤ ማዳመጫ አይደረግም። ሰዎች ሲያስቡ ወደ ጣሪያ ወይም ወደ መስኮት ያያሉ፤ ዓይን ከስክሪኑ ደጋግሞ ከወጣ ውጤቱ ሳይጸድቅ ሊቀር ይችላል። ሰዓት ስትመርጪ ደግሞ ሰፈርሽን አስቢ። እሑድ ማለዳና በዓላት ላይ የቅዳሴ ድምፅ ማጉያ ከየአቅጣጫው የሚሰማበት ከተማ ነው፤ የሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ የተሻለ ጸጥታ አለው።

የእኔ ሐሳብ፦ ሦስቱም የሚቀበሉት አንድ ፈተና ካለ እሱን ብቻ። ሁለት ፈተና መዘጋጀት ለስምንት ሳምንት ብዙ ነው።

ማራኪ 17

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኢሜይሎቹን ልኬያለሁ። ቤት ያለኝ የቶፍል መጽሐፍ የ2019 እ.ኤ.አ. ነው፣ ይጠቅመኛል ወይስ ልተወው? ደግሞ በኮምፒውተር ስጽፍ ጣቴ ቀርፋፋ ነው።

ቀሃ

ተይው። ቶፍል ከጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 21፣ 2026) ጀምሮ ተለውጧል። ነጥቡ አሁን ከ1 እስከ 6 ነው፤ ለመሸጋገሪያው ሁለት ዓመት የድሮው ከ120 የሚታሰበው ነጥብ አብሮ ይወጣል፣ ስለዚህ የ90 መስፈርቱን በዚያ ታያለሽ። ሪዲንግና ሊስኒንግ በሁለት ዙር ናቸው፤ የመጀመሪያው ዙር ውጤትሽ ሁለተኛው ከባድ ወይም ቀላል እንዲሆን ይወስናል። ራይቲንጉ ቃላትን አስተካክሎ ዓረፍተ ነገር መሥራት፣ በ7 ደቂቃ ኢሜይል መጻፍና በ10 ደቂቃ የክፍል ውይይት ላይ አስተያየት መስጠት ሆኗል። ስፒኪንጉ የሰሙትን መድገምና ያለ ማሰቢያ ጊዜ ለቃለ መጠይቅ በ45፣ በ45 ሰከንድ መመለስ ነው። በቴሌግራም የሚዘዋወሩት ፒዲኤፎች አብዛኞቹ የድሮው ናቸው፤ ንባቡን ለልምምድ ልትጠቀሚበት ትችያለሽ፣ የፈተናውን ቅርጽ ግን አያሳዩሽም።

ራስ ግንብ

ምኑ ላይ ይወድቃል ላልሽው፣ ራይቲንግ ላይ። እዚህ ላይ በደንብ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሚወድቀው እንግሊዝኛ ስለማያውቅ ሳይሆን እጁ በእንግሊዝኛ፣ አእምሮው በአማርኛ ስለሚጽፍ ነው።

በአማርኛ "ምንም እንኳ ቢዘንብም ግን ሄድን" ብንል ያምራል። በእንግሊዝኛ "ኦልዞው" ብለሽ ከጀመርሽ በኋላ "በት" አይገባም፤ አንዱን ምረጪ። በአማርኛ "ሦስት ተማሪ መጣ" ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ከቁጥር በኋላ የብዙ ቁጥር "ስ" ግዴታ ነው። በተቃራኒው "ኢንፎርሜሽን"፣ "ኢኩዊፕመንት"፣ "አድቫይስ" እና "ሪሰርች" ላይ "ስ" እንቀጥላለን፤ የጤና ተመራቂ ደግሞ "ሪሰርችስ" የማይልበት ገጽ የለም። "ዘ" እና "ኤ" በአማርኛ ቦታቸው ስለማይሰማን እንጥላቸዋለን። ከሁሉ የከፋው "ተነስቶ፣ ሄዶ፣ አይቶ፣ መርምሮ" እያልን የምንቀጥለው ረጅም ሐረግ ነው። ለእኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን አራት ግሥ በነጠላ ሰረዝ ተያይዞ የተበላሸ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ነጥብ አድርጊና አዲስ ጀምሪ።

አይኤልትስ ራይቲንግ 60 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው ሥራ (ግራፍ መግለጽ) ቢያንስ 150 ቃል፣ ሁለተኛው (ድርሰት) ቢያንስ 250 ቃል። ሁለተኛው ሁለት እጥፍ ይመዝናል፣ ስለዚህ 20 ደቂቃ ለፊተኛው፣ 40 ለኋለኛው። ብዙዎች ግራፉ ላይ 30 ደቂቃ ያጠፉና ድርሰቱን ያለ መደምደሚያ ይተዉታል። ግራፉ ላይ "ለምን ጨመረ" ብለሽ ምክንያት አትፈልጊ፤ የጤና ሰው ቁጥር ሲያይ ማብራራት ይቀናዋል፣ እዚያ ግን የሚፈለገው ያየሽውን መግለጽ ብቻ ነው። ዋናውን አዝማሚያ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጠቅልለሽ አስቀምጪ፤ ይህ ከጎደለ ሌላው ቢያምርም ነጥብሽ ከፍ አይልም።

ድርሰቱ ላይ የተሸመደደ መግቢያ አትጠቀሚ። "ኢን ቱደይስ ሞደርን ወርልድ" ብሎ የሚጀምር ወረቀት መርማሪው በቀን ስንቴ እንደሚያነብ ገምቺ። አምስት ደቂቃ አስቢ፣ አቋምሽን በመግቢያው ተናገሪ፣ በሁለት አንቀጽ እያንዳንዳቸው አንድ ሐሳብ አስረጂ። የሚታዩት አራት ነገሮች እኩል ይመዝናሉ፦ ጥያቄውን መመለስሽ፣ ሐሳብሽ መያያዙ፣ የቃላት ሀብትሽ፣ ሰዋስውሽ። ከባድ ቃል ያለቦታው ማስገባት ሦስተኛውን ሲያሳጣሽ አንደኛውንም ያደበዝዝብሻል።

የጣትሽ ነገር በቁጥር ይታይ። በደቂቃ 15 ቃል የምትጽፊ ከሆነ 250 ቃል መተየብ ብቻ 17 ደቂቃ ይወስዳል፤ 30 ከደረሽ ከ9 ደቂቃ በታች ነው። ልዩነቱ ለማረሚያ የሚተርፍሽ ጊዜ ነው። በቀን 20 ደቂቃ በአሥሩም ጣት ተለማመጂ፣ አራሚ ሶፍትዌሩን አጥፍተሽ።

ለልምምዱ፦ በሳምንት ሦስት ድርሰት፣ በሰዓት ተለክቶ። በማግስቱ ያንኑ ራስሽ አርመሽ እንደገና ጻፊው። ለስሕተትሽ ደብተር ያዢ፤ አንዱ ገጽ ለ"ዘ"፣ አንዱ ለብዙ ቁጥር፣ አንዱ ለተንዛዛ ዓረፍተ ነገር። በሦስተኛው ሳምንት የትኛው ገጽ ቶሎ እንደሞላ ታያለሽ። አንድ የእንግሊዝኛ መምህር በሳምንት አንድ ድርሰት ቢያይልሽ ከአሥር ቪዲዮ ይበልጣል።

ስፒኪንግ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው። እኛ አካባቢ በማይታወቅ ሰው ፊት ዝቅ ብሎ፣ አጠር አድርጎ መናገር ጨዋነት ነው። መርማሪው ግን ያልተነገረን ነገር አይመዝንም። በመጀመሪያው ክፍል ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ በሁለተኛው ከአንድ ደቂቃ ማሰቢያ በኋላ እስከ ሁለት ደቂቃ ሳታቋርጪ ተናገሪ። አነጋገርሽ ኢትዮጵያዊ መሆኑ አይጎዳም፤ ቃሉ እንዳይሰማ የሚያደርገው ግን ይጎዳል፦ "ሊቭ" አጭሩንና "ሊይቭ" ረጅሙን መቀላቀል፣ ተነባቢዎች ሲደራረቡ መሐል ላይ "እ" ማስገባት፣ "ዘ" እና "ስ" ብለን የምንጠራቸውን፣ በእንግሊዝኛ በ"ቲኤች" የሚጻፉትን የምላስ ጫፍ ድምፆች ከእነዚሁ መለየት አለመቻል።

ሊስኒንግና ሪዲንግ ላይ ብዙ አልልም። ድምፁ አንዴ ብቻ ይሰማል። "ከሁለት ቃል ያልበለጠ" ሲል ሦስት ከጻፍሽ ልክ ብትሆኚም ዜሮ ነው፤ የፊደል ስሕተትም እንደዚያው። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፣ ባዶ አትተዪ። ሪዲንግ 40 ጥያቄ በ60 ደቂቃ ነው፤ "ሐሰት" እና "አልተጠቀሰም" የሚሉትን ለዪ፦ ጽሑፉ የሚቃረን ነገር ካለ ሐሰት ነው፣ ዝም ካለ አልተጠቀሰም።

ጠዳ

ስለ ምዝገባ ብቻ። ስምሽን የምትሞዪው ከፓስፖርትሽ ግርጌ ካሉት ሁለት የኮድ መሥመሮች ነው። በላይኛው መሥመር ከአገሩ ኮድ ቀጥሎ፣ ከሁለቱ ተከታታይ የማዕዘን ምልክቶች በፊት ያለው በእነሱ ፎርም የቤተሰብ ስም ነው፤ ከምልክቶቹ በኋላ ያሉት የመጠሪያ ስሞች ናቸው። በግምት "ስሜ፣ የአባቴ ስም" ብለሽ ከሞላሽ ወረቀቱና ፓስፖርቱ አይገናኙም፣ በር ላይ ሊመልሱሽ ይችላሉ። የቀበሌ መታወቂያ አይሠራም፤ ፓስፖርቱ ዋናው፣ ያላለፈበት፣ የተመዘገብሽበት ይሁን።

ሰዓቱንም አስተውዪ። 9:00 ማለት በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። 13:30 ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊ።

አንገረብ

ሁለት ነገር ልጨምር። የሦስቱም ፈተና ውጤት ለሁለት ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ አንዳንድ ቦታ ግን ሁለቱ ዓመት የሚቆጠረው እስከ ማመልከቻው ቀን ሳይሆን ትምህርቱ እስከሚጀመርበት ቀን ነው፣ እሱንም ጠይቂ። የቶፍል ውጤት የሚላከው በፈተናው ድርጅት በኩል፣ በዩኒቨርሲቲው ኮድ ነው፤ ኮዱን ቀድመሽ ያዢ።

ቀኑን በተመለከተ ከጥቅምት 25 ወዲያ አትቅጠሪ። ውጤቱ ደርሶ አንድ ክፍል ቢጎድልሽ፣ ከኅዳር 22 በፊት ለመድገም የሚተርፍሽ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ነው። አይኤልትስ ላይ ራይቲንግሽ በግማሽ ነጥብ ብቻ ከጎደለና ሌሎቹ ከእሱ በጣም ከራቁ፣ ከፈተናው ቀን ጀምሮ በስድስት ሳምንት ውስጥ ዳግም እንዲታይ ማመልከት ትችያለሽ፤ ነጥቡ ከተቀየረ የከፈልሽው ይመለሳል።