የዲፎርዲ ፒክአፕ ኢጂአር፦ ላጽዳው፣ ልቀይረው ወይስ ላስደፍነው?

ባለዲፎርዲው

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የ2009 ሞዴል ሃይሉክስ ቪጎ ነው። 2.5 ዲፎርዲ፣ ማለት የቶዮታ ናፍጣ ሞተር፣ ማንዋል ማርሽ። 240 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ዕቃ አመላልስበታለሁ።

ሁለት ወር ሆነው፣ ሚኒሞ ላይ፣ ማለት ነዳጅ ሳልረግጥ ቆሞ ሲሠራ፣ ይንቀጠቀጣል። ዳገት ላይ ደግሞ ጥቁር ጭስ ይለቃል። ከኋላዬ ያለው ሰው መስኮቱን ሲዘጋ በመስታወት እያየሁ አፍራለሁ። አይጎትትም፤ ድሮ በአራተኛ የምወጣውን አሁን በሦስተኛ ነው። ቼክ ኢንጂን በርቷል። ስካን ሳስደርገው ፒ0400 የሚል ኮድ አለኝ፤ ኢጂአር ማለት ነው ተባልኩ።

አንዱ መካኒክ «ኢጂአሩ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» አለኝ። ሌላው «ምን አስጨነቀህ፣ በላሜራ እንደፍነዋለን፣ ሃያ ደቂቃ ነው» አለኝ። ቦሎ የማሳድስበት ጊዜም ደርሷል። እስቲ የምታውቁ ምከሩኝ። በራሴ ማጽዳትስ ይቻላል? መፍቻ አለኝ፤ ዘይትና ፍልትሮ ራሴ ነው የምቀይረው።

ጋሽ ቁልፍ

ወንድሜ፣ አትቸኩል። አዲስ አትግዛ፣ አታስደፍንም። መጀመሪያ ፍታና እየው።

ኢጂአር ማለት ከጭስ ማውጫው ጥቂት ጭስ ወስዶ ወደ አየር ማስገቢያው የሚመልስ በር ነው። የተቃጠለ ጭስ ሲገባ እሳቱ ይቀዘቅዛል፤ በከፍተኛ ሙቀት የሚፈጠረው የናይትሮጅን መርዝም ይቀንሳል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ጭሱ ጥቀርሻ ይዞ ይመጣል። ከሞተሩ ትንፋሽ ቱቦ ደግሞ የዘይት እንፋሎት ይመጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ሬንጅ ይሆናሉ። በሩ ሬንጅ ይዞት ገርበብ ብሎ ይቀራል። ሲዘጋ አይዘጋም፣ ሲከፈት አይከፈትም።

ያንተ ምልክት በሩ ክፍት ቀርቶ ይመስላል። ሚኒሞ ላይ ጭስ መግባት በሌለበት ሰዓት ይገባል፤ ሞተሩ ንጹህ አየር ያጥረዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ዳገት ላይ ናፍጣው ይረጫል፣ አየሩ የለም፣ ጥቁር ጭስ ይሆናል። በዚያ ላይ አገራችን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይጎድላል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። እንዲህ ባለ ቦታ ትንሽ የአየር ጉድለት ወዲያው በጭስ ይታያል።

ከመፍታትህ በፊት አንድ ነገር ሞክር። የኢጂአሩ ራስ ላይ ቀጭን የጎማ ቱቦ አለ? ካለ በቫኪዩም፣ ማለት በአየር መምጠጥ፣ የሚሠራው ዓይነት ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ቱቦውን ንቀልና ጫፉን በብሎን ድፈነው። አሁን በሩን የሚከፍተው ነገር የለም፤ ስፕሪንጉ ይዘጋዋል። አንድ ዙር ንዳው። መኪናው ከተሻለው፣ በሩ ደህና ነው፤ ያለ ሰዓቱ እየከፈተው ያለው የቫኪዩሙ መቆጣጠሪያ ነው። ለውጥ ከሌለ ወይ በሩ ራሱ አልዘጋም ብሏል፣ ወይ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ቼክ ኢንጂኑ እንደበራ ሊቆይ ይችላል፤ አትደንግጥ፣ ሙከራ ነው።

በሽቦ ሶኬት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን በውስጡ ሞተር አለው። እሱን ስታጸዳ ጥንቃቄው ሌላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

የአዳማ መንገድ

እኔ የምለው፣ ለምን ራስህን ታደክማለህ? ላሜራ ቆርጠህ በጓርኒሲዮኑ፣ በመገጣጠሚያው ማሸጊያ፣ መሃል ክተት። የኔ አራት ዓመት ሆነው፣ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ጭስ የሚባል አላየሁም። አፍሪካ የገባው አንዳንዱ ዲፎርዲ እኮ ጭራሽ ኢጂአር የለውም።

ጋሽ ቁልፍ

የሌለው አለ፣ እውነት ነው። የሌለው ግን ኮምፒውተሩም እንደሌለው ያውቃል። ያለውን ስትደፍንበት ጭስ ጠብቆ ያጣል፤ መብራቱ አይጠፋም። መብራቱ ሁልጊዜ ከበራ ደግሞ ነገ ፓምፓው ወይም ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተር ሲታመም በምን ታውቃለህ? ስትደፍነው አየር ማስገቢያው ንጹህ ሆኖ ይቆያል፣ አልክድም። ግን የዚህ ልጅ መኪና ጥቀርሻውን ከየት አመጣው? እሱን ሳታውቅ መድፈን ትኩሳት ያለበትን ሰው ቴርሞሜትር መስበር ነው።

ቨርጂኒያ ነኝ

እዚህ አሜሪካ መድፈን በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። እኔ ያለሁበት ሰሜን ቨርጂኒያ መኪና በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለው፤ ካላለፈ ምዝገባው አይታደስም። የኔ ቼክ ኢንጂን በርቶ ስሄድ ጭሱን እንኳን ሳያዩ መለሱኝ። ከዚያ ራሴ አጸዳሁት። ሥራው ከባድ አይደለም፣ ቆሻሻ ነው እንጂ። አሮጌ ልብስ ልበስ፤ ከእጅ ሦስት ቀን አይለቅም። ባለቤቴ እንጀራ አብረን አንበላም ብላኝ ነበር።

ባለዲፎርዲው

ቱቦው አለው፣ ቫኪዩም ነው። ነቅዬ ደፍኜ እስከ ሰንዳፋ ነዳሁት። ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። ጋሼ፣ ቅዳሜ ልፈታው ነው፤ እንዴት ላድርግ?

ጋሽ ቁልፍ

ጎበዝ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። ከመፍታትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ፤ የትኛው ቱቦ የት እንደነበር ማታ ላይ ይጠፋብሃል።

ብሎኖቹ በ12 ቁልፍ ይፈታሉ። የጭስ በኩል ያሉት ሙቀት ስለጠጡ ይጠነክራሉ። ማታውኑ ዝገት ማላቀቂያ ርጭባቸውና እደር። እምቢ ካለ በጉልበት አትጠምዝዘው፤ ከተቆረጠ ሥራህ ሌላ ነው። ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ እያልክ አውጣው። በአጠገቡ ውሃ የሚሄድበት ቱቦ ካለ ራዲያተሩን ሳታይ አትፍታ።

ከወጣ በኋላ ወደ አየር ማስገቢያው የሚወስደውን ቀዳዳ በንጹህ ጨርቅ ድፈን። የሚፋቅ ጥቀርሻ ወደ ሞተሩ እንዳይወድቅ ነው። ጨርቁን ግን ስትገጥም አትርሳው! ይሄን የምለው ረስቼ ስለማውቅ ነው።

ማጽጃው የካርቡሬተር ስፕሬይ ነው። ርጭ፣ አሥር ደቂቃ ተወው፣ በጥርስ ብሩሽ ፈግፍግ፣ ድገም። በሩ የሚያርፍበትን ቀለበት በካቻቢቴ አትፋቅ፤ ከተጫረ ሁልጊዜ ያፈሳል። ላይኛው ቆብ ውስጥ ያለችውን የላስቲክ ሽፋንም ስፕሬይ አታስነካት፤ ታብጣለች፣ ትቀደዳለች። የኤሌክትሪኩ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ደግሞ የሞተሩን ክፍል ወደ ላይ አድርገህ ነው የምታጸዳው፤ ፈሳሽ ከገባበት አለቀ። ቤንዚን አትጠቀም፤ በቤንዚን ሲያጸዳ የተቃጠለ ልጅ አውቃለሁ።

ሞተሩ እየሠራ በአየር ማስገቢያው ስፕሬይ የሚነፉ አሉ። በናፍጣ ሞተር ላይ እንዳታደርገው። የገባውን ፈሳሽ እንደ ነዳጅ ይበላና ይጮሃል፤ ቁልፍ ብታጠፋም አይጠፋም።

የቤንዚኗ

ይቅርታ ልጠይቅ፤ የኔ ቤንዚን ነው። መብራት ላይ ስቆም ድርግም ይላል፣ ስነሳ ደህና ነው። እሱም ኢጂአር ሊሆን ይችላል?

ጋሽ ቁልፍ

ሊሆን ይችላል እህቴ። ቤንዚን ላይ በሩ ክፍት ከቀረ ሚኒሞ ላይ ይጠፋል። ዝግ ከቀረ ደግሞ ዳገት ላይ ጠጠር እንደሚያናውጥ ቆርቆሮ ድምፅ ያሰማል። ግን አየር የሚያስገባው ቢራቢሮም ሲቆሽሽ ያጠፋል፤ እሱ ይቀላል፣ ከእሱ ጀምሪ። ደግሞም መኪናሽ ኢጂአር ከሌለው በከንቱ እንዳያስከፍሉሽ፤ መጀመሪያ «አሳዩኝ» በያቸው።

ባለዲፎርዲው

ፈታሁት። ጉድ ነው! ጣቴ የሚገባበት ቀዳዳ እርሳስ እንኳን አያስገባም። ውስጡ ጥቁር ነው፣ እንደ ረጠበ የቡና አተላ። አንድ ሙሉ ስፕሬይ ጨርሼ ሁለተኛ ከፈትኩ። በሩ እስከ ዛሬ ተጣብቆ ኖሯል፤ አሁን በጣቴ ስገፋው ይሄዳል፣ ይመለሳል። ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሶማሌ ተራ

ይሄን እኔ ልመልስ፤ ያገለገለ ዕቃ ስሸጥ የማደርገው ነው። ሁለት ሙከራ አለ።

አንደኛ፣ ዘንጓን በጣትህ ወደ ላይ ግፋትና እንደያዝካት የቫኪዩሙን አፍንጫ በሌላ ጣት ድፈን። አሁን ዘንጓን ልቀቃት። ላይ ከቀረች ላስቲኩ ደህና ነው። ወዲያው ከወደቀች ተቀዷል፤ ዕቃው አይጠገንም።

ሁለተኛ፣ ገልብጠህ በሩ ላይ ላምባ አፍስስ። አምስት ደቂቃ ጠብቅ። በታች ከነጠበ በሩ አይገጥምም። አንድ ሁለት ጠብታ ችግር የለውም፤ ሲወርድ ካየህ ግን ቀይረው።

ባለዲፎርዲው

የመጀመሪያውን አለፈ። ሁለተኛውን ወደቀ። ላምባው እንደ ቧንቧ ነው የወረደው።

ሶማሌ ተራ

እንግዲያው ቀይር። ስትመጣ አሮጌውን ይዘህ ና። በቃል «የቪጎ ኢጂአር» ብትል ሦስት ዓይነት ያወጡልሃል፤ የብሎኑ ቀዳዳ አንድ ሆኖ የቫኪዩሙ አፍንጫ ይለያል፣ ሶኬት ያለው አለ፣ የሌለው አለ። ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከአሮጌው ጋር አስተያይ። ያገለገለ ኦሪጅናል ካገኘህ ከአዲሱ ቅጂ እሱን ውሰድ፤ እኔ ብሸጥልህ የማተርፈው ከቅጂው ነው፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው። ሁለቱን ሙከራ እዚያው ሱቁ ላይ አድርግ። አይቻልም ያለህን ሻጭ አመስግነህ ሂድ። ጓርኒሲዮኑን ግን አዲስ ግዛ፣ አሮጌውን በሲሊኮን አትለጥፍ፤ ጭሱ ያቃጥለዋል።

ጋሽ ቁልፍ

አየር ማስገቢያው ውስጥ ያለውንም ፋቅ፤ ኢጂአሩን አጽድቶ እሱን መተው ጉሮሮ ታሞ አፍንጫ ማከም ነው። እጅህ የማይደርስበት ከሆነ አውርደው፣ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ስትገጥም ብሎኖቹን ተራ በተራ በመስቀል አጥብቅ። ከዚያ ኮዱን አስጠፋና ንዳ።

ባለዲፎርዲው

ሳምንት ሆነኝ። ያገለገለ ኦሪጅናል አገኘሁ፣ ሁለቱንም ሙከራ አለፈ። ሚኒሞው አሁን ጸጥ ብሏል፤ ባለቤቴ ሳትቀር «ምን አደረግኸው?» አለችኝ። ቼክ ኢንጂኑም አልተመለሰም።

ዳገት ላይ ግን አሁንም ያጨሳል። ቀንሷል፣ አልጠፋም። በባዶ ደህና ነው፤ ዕቃ ስጭን ነው።

የአዳማ መንገድ

ብዬህ ነበር 😀

ጋሽ ቁልፍ

አላልክም፤ ቢደፍነውም ይሄኛው ጭስ አይጠፋም ነበር። ጭነት ላይ ብቻ ከሆነ፣ ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው አየር በመንገድ እየጠፋ ነው። ከቱርቦ ወደ አየር ማቀዝቀዣው ኢንተርኩለር፣ ከኢንተርኩለር ወደ ሞተር የሚሄዱትን የጎማ ቱቦዎች በእጅህ ዳብስ። በዓይን አይታይም፤ ከሥር በኩል ነው የሚሰነጠቁት። ዘይት ያወዛ ቦታ ካገኘህ እሱ ነው። አንድ ሰው ጋዝ እየሰጠ አንተ ስትሰማ ፉጨት ይኖራል። የአየር ፍልትሮውንም እግረ መንገድህን እየው።

እነሱ ደህና ከሆኑ ወደ ኢንጀክተር እንሄዳለን። ከሥራቸው ያሉት የመዳብ ቀለበቶች ሲያፈሱ ዘይቱ ቶሎ ይጠቁራል፣ ጥቀርሻውም ከሥር ዘይት የሚመጥበትን ወንፊት ይደፍናል። ያኔ የሚሄደው ኢጂአር ሳይሆን የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ብሮንዚና ነው። ስለዚህ የዘይቱን ነገር ንገረኝ።

ባለዲፎርዲው

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ከኢንተርኩለሩ መውጫ ላይ ያለው ቱቦ ከማሰሪያው ሥር የጣት ጥፍር የሚያህል ተሰንጥቋል። ሳየው ምንም የለውም፤ ስዳብሰው ጣቴ በዘይት ወጣ። ሁለት መካኒክ አልፎታል። ቀየርኩት። ትናንት ጭኜ ደብረ ብርሃን ወጣሁ፣ በአራተኛ ማርሽ። መስታወቱን ደጋግሜ ሳይ ነበር፣ ምንም የለም። ኢጂአሩን የበላውም የዚያ ስንጥቅ ጥቀርሻ ነው መሰለኝ።

ዘይቱ ከተቀየረ 4 ሺህ ሆኖታል፤ ጥቁር ነው፣ ግን በጣት ስነካው ሻካራ አይደለም።

ጋሽ ቁልፍ

የናፍጣ ዘይት ይጠቁራል፤ ያስፈራኝ ጥቁረቱ ሳይሆን የመዳብ ቀለበቶቹ ማፍሰስ ነው። ካፈሱ ጭሱ በዘይቱ በኩል ይወጣል። ሞተሩን አስነሳና የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተህ ገልብጠህ አስቀምጠው። ጭስ እየነፋ ክዳኑን የሚያስጨፍረው ከሆነ ጻፍልኝ።

ባለዲፎርዲው

ትንሽ ጭስ አለ። ክዳኑ ግን ቁጭ ብሏል።

ጋሽ ቁልፍ

ሂድ፣ ቦሎህን አሳድስ።