ጎንደር ላይ የብስክሌት ቸርኬ የሚያስተካክል ሰው ጠቁሙን

ወገኖች፣ በተለይ የጎንደር ልጆች፣ እባካችሁ ተባበሩን። እኔና ባለቤቴ በብስክሌት ከባሕር ዳር ወደ ደባርቅ እየሄድን ነው፤ ሐሳባችን የሰሜን ተራሮችን አይተን መመለስ ነው። አዲስ ዘመንን አልፈን፣ ማክሰኚትንም አልፈን፣ አዘዞ ልንገባ ስንል የእሷ ብስክሌት የኋላ ቸርኬ ሽቦዎች መበጠስ ጀመሩ። መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ አጠገቡ ያለው። አንዱ ሲበጠስ ጭነቱ ጎረቤቱ ላይ ያርፋላ! አሁን ቸርኬው ተወላግዶ በዞረ ቁጥር ፍሬኑን ይነካል። ከተማ የገባነው እየገፋን ነው።

የተበጠሱት በካቴናው በኩል ያሉት ናቸው። እነሱን ለመቀየር ካቴናው የሚዞርበት የኋላው ጥርስ መውለቅ አለበት፣ መፍቻው ደግሞ የለንም። ሽቦዎቹም በዚያ በኩል ከሌላኛው ጎን በትንሹ ስለሚያጥሩ የተገኘው ሁሉ አይሆንም። ፒያሳ አካባቢ የጠየቅናቸው ልጆች በጣም ጥሩ ናቸው፣ ግን የሚሠሩት ጎማና ካላማዳሪ ነው። አንዱ በብየዳ ልያዘው አለኝ፣ እምቢ አልኩ።

ደባርቅ ከዚህ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዳገቱም አይጣል ነው። በዚህ ቸርኬ ሻንጣ ጭና እንድትሄድ ሆዴ አልቆረጠም። እሷ ደግሞ መኪና ላይ ጭነን እንመለስ ስላት በጄ አላለችም፣ እውነቷን ነው፣ ስንት ጊዜ ያሰብንበት ጉዞ ነው።

መፍቻው ያለው፣ ሽቦ የሚያጠብቅ እጅ ያለው፣ ወይም ባለ 26 ኢንች ሙሉ የኋላ ቸርኬ የሚሸጥልን ካለ እባካችሁ። ዕቃው ባሕር ዳር ቢሆንም በሚኒባስ ይላክልናል፣ ብቻ ማን ጋ እንዳለ ንገሩን።