የግል ሥራ ለሚሠራ፣ ውዝፍ ላለበት ሰው ሞርጌጅ (የቤት ብድር) የሚያድስ አለ?

እባካችሁ ወገኖቼ ምክር ስጡኝ። ለንደን ውስጥ ሚኒካብ እነዳለሁ። የቤቴ ሞርጌጅ ፊክስድ ሬት (ለተወሰነ ጊዜ የማይለወጠው ወለድ) ጥር ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ባንኩ ወደ ራሱ ተለዋዋጭ ወለድ ይወስደኛል፣ እሱን አልችለውም። አምና ታምሜ ሥራ ስፈታ የሁለት ወር ክፍያ ተወዘፈብኝ። አሁን በየወሩ ጨመር እያደረግኩ እየከፈልኩ ነው፤ ባንኩ ግን ውዝፉ ካላለቀ አዲስ ፊክስ የለም አለኝ። ሌላ አበዳሪ ጋ እንዳልሄድ የሁለት ዓመት ኤስኤ302 (ለታክስ ያሳወቅኩትን ገቢ የሚያሳይ ወረቀት) ይጠይቃሉ። እሱ ላይ የሚታየው ደግሞ ነዳጁ፣ ኢንሹራንሱ፣ ጥገናው ሁሉ ተቀናንሶ የተረፈችው ናት። ያቺን አይቶ ማን ያበድራል? ውዝፉም ክሬዲት ፋይል (አበዳሪዎች የሚያዩት የብድር ታሪክ መዝገብ) ላይ 6 ዓመት ይቆያል። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ከዘመድ ተበድሬ ውዝፉን ቀድሜ ልዝጋ ወይስ አሁኑኑ ብሮከር (አበዳሪ የሚያፈላልግ ደላላ) ልያዝ? አንዱ ብሮከር ገና ወረቀቴን ሳያይ ገንዘብ ጠየቀኝ፣ ደስ አላለኝም።